የባለቤትነት ሐረግ፦ አሮጌ ሰዓት ላይ የሰው ስም ምን ያህል ያወጣል?

ከብረት በተሠራ አንድ የእጅ ሰዓት የጀርባ ክዳን ላይ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ተቀርጸዋል። በእኛ አፍ «ተጠንቅቀህ ንዳ፤ እኔ» እንደማለት ነው። የባል ስም የለም፣ የሚስት ስም የለም፣ ቀንም የለም። ባሏ መኪና ማሽከርከር የሚወድ ማንኛዋም ሴት ልታስቀርጸው የምትችለው ቃል ነው። ይህ ሰዓት ኦክቶበር 26 ቀን 2017 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ፊሊፕስ በተባለው አጫራች ድርጅት አዳራሽ ቀርቦ በ17 ሚሊዮን 752 ሺህ 500 ዶላር ተሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«እኔ» ያለችው ተዋናይቷ ጆአን ዉድዋርድ ናት። ሰዓቱን የገዛችው ለባሏ ለፖል ኒውማን ነበር፤ እሱም ስመ ጥር ተዋናይ፣ በኋላም የመኪና ተወዳዳሪ የሆነ ሰው። ግን ክዳኑ ላይ የተጻፈው «እኔ» ብቻ ከሆነ፣ «እኔ» የተባለችው እሷ መሆኗን ገዢው በምን አወቀ? ያን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰው ምን ይዞ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ነገር የሥነ ጥበብ፣ የሙዚየምና የቅርስ ዕቃ ሰዎች «ፕሮቨናንስ» ይሉታል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን «ከአንድ ስፍራ መምጣት፣ መውጣት» ማለት ነው። ዛሬ የሚሠራበት ትርጉም ግን ከሥሩ ሰፍቷል፦ አንድ ዕቃ ከተሠራበት ቀን አንሥቶ በእነማን እጅ፣ መቼና እንዴት እንዳለፈ የሚያሳይ፣ በማስረጃ የተደገፈ የባለቤቶች ተራ ነው። እንዴት ሲባል ግዢም ስጦታም ውርስም ዝርፊያም ይገባበታል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ምንጭ» የሚሉ አሉ። ምንጭ ግን መነሻውን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ውኃው በየት በየት አልፎ እዚህ እንደደረሰ አይናገርም። «መገኛ» ደግሞ ቦታን ያመለክታል። «የዕቃው ታሪክ» ትክክል ቢሆንም ልቅ ነው፤ ሰዓቱ ስንት ጊዜ እንደተጠገነም ታሪኩ ነውና። «ቅብብል» የሚለውን ለጥቂት ጊዜ ወድጄው ነበር። ነገር ግን ቅብብል ሰጪና ተቀባይ መስማማታቸውን ያስባል፤ የተሰረቀ ዕቃ ደግሞ ማንም አቀብሎት አይደለም ከእጅ የወጣው።

እኔ የምመርጠው «የባለቤትነት ሐረግ» የሚለውን ነው። የትውልድ ሐረግ መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በመሐል አንድ አያት ከተዘለለ ቆጠራው ሁሉ ይፈርሳል። የዕቃም እንዲሁ ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው ቢታወቅ እንኳ መሐሉ ከጎደለ ሐረጉ ተቆርጧል። ቃሉ ለአነጋገርም ይመቻል፤ «ሐረጉ የተሟላ ሰዓት»፣ «ሐረጉ የተቆረጠ ሥዕል»፣ «ሐረጉን አጣሩ» ቢባል ማንም ሳይቸገር ይረዳዋል። የመኪና ሊብሬ የዛሬውን ባለቤት ያሳውቃል፤ የባለቤትነት ሐረግ ግን ከዛሬው ባለቤት ወደ ኋላ እስከ ሠሪው በር ድረስ ይሄዳል።

ነገሩ ከቤታችን የራቀ አለመሆኑን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ያውቃል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ ያስጻፈው ሰው ስምና መጽሐፉ የተሰጠበት ደብር ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ግዝት ይመጣል። የሚገዘተው የሰረቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ የፋቀውም ጭምር ነው። ሊቃውንቱ የባለቤትን ስም ከብራና ላይ መፋቅን ከስርቆት እኩል አድርገው አስቀመጡት። በዓለም ላይ ያለ የቅርስ አጣሪ ሁሉ ዛሬ የሚደክመው ያ የተፋቀው ስም ማን እንደነበረ ለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ኒውማን ሰዓት እንመለስ። በ1984 ክረምት የኒውማን ሴት ልጅ የወንድ ጓደኛ በቤታቸው ግቢ ያለውን የዛፍ ላይ ጎጆ ሲጠግን ኒውማን ሰዓት ጠየቀው። ወጣቱ ሰዓት አላሰረም ነበር። ኒውማን የራሱን ፈታና ሰጠው፤ በየጊዜው መሙላቱን ካልረሳህ በደንብ ይሠራል አለው። ወጣቱ ለዓመታት አሰረው፣ በኋላም ለሐራጅ ያቀረበው እሱው ራሱ ነው። የኒውማን ልጅም ነገሩ እውነት መሆኑን በፊርማዋ አረጋገጠች። ኒውማን ሰዓቱን አስሮ የተነሣባቸው ፎቶግራፎች ነበሩ። ከሚስት ወደ ባል፣ ከባል ወደ ወጣቱ፣ ከወጣቱ ወደ ሐራጁ፤ ሦስት እጅ፣ አንድም ክፍተት የለም። «እኔ» የሚለው ቃል ዋጋ ያገኘው በዚህ ነው። ድርጅቱ ሰዓቱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ተጫራች ግን የጠራው 10 ሚሊዮን ነበር፤ ጨረታውም በ12 ደቂቃ ያህል ውስጥ አለቀ።

ስሙ ብቻውን የጨመረውን ለመለየት ያለ ስም የቀረበውን መንትያ መመልከት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ሮሌክስ ዴይቶና ነው፤ አዲስ ሳለ የሚሸጠው በጥቂት መቶ ዶላር ነበር። ተመሳሳይ ፊት ያላቸው ሌሎች ዴይቶናዎች በሐራጅ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። እነርሱንም ቢሆን ሰብሳቢዎች «ፖል ኒውማን» ብለው ነው የሚጠሯቸው፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ስላሰረው ሞዴሉ በሙሉ በስሙ ተጠራ፣ ዋጋውም ከፍ አለ። ስለዚህ የኒውማን ስም ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈልበት። መጀመሪያ በሞዴሉ ሁሉ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ እሱ ራሱ ባሰረው በዚያ አንድ ሰዓት ላይ። ሚስቱ የሰጠችው ሌላ ዴይቶና በዲሴምበር 2020 በ5 ሚሊዮን 475 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ባለቤቱ ያው ሰው፣ ሰጪዋ ያችው ሴት ናቸው፤ ለሞዴሉ ስም ያወጣለት ግን የመጀመሪያው ስለነበር ልዩነቱ እዚህ ደረሰ ብዬ አምናለሁ።

ሌላ የማደንቀው ነገር ጉድለት ዋጋ የሚሆንበት መንገድ ነው። በዕቃ ገበያ ጭረት ዋጋ ይቀንሳል። ሐረጉ የተሟላ ዕቃ ላይ ግን ጭረቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ ሮሌክሱን «አፖካሊፕስ ናው» የተባለው ፊልም ላይ ሲያስር የፊቱን ዙሪያ ቀለበት አውልቆ ነበር፤ በጀርባው ደግሞ ስሙን በገዛ እጁ ጭሮ ጽፏል። ጽሕፈቱ ወልጋዳ ነው፤ የቀራጭ እጅ እንዳልነካው ገና ሲያዩት ይታወቃል። በ2019 ያ ቀለበቱ የጎደለው፣ የተጫረው ሰዓት 1 ሚሊዮን 952 ሺህ ዶላር አወጣ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ግን የፑዪ ሰዓት ነው። ፑዪ የቻይና የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት፣ ካባሮቭስክ ታሰረ። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው ሰዓት ሠሪ ድርጅት የሠራው ሰዓቱ አብሮት ነበር። የጨረቃን መጉደልና መሙላት ጭምር የሚያሳይ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው። በእስር ቤት አንድ ቀን፣ የሰዓቱ ፊት ከፕላቲነም የተሠራ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አሽከሩን ቀለሙን እንዲፍቀው አዘዘው ይባላል። አሽከሩ ፋቀ፤ ከሥሩ ተራ ብረት ሲወጣ ግማሹ ላይ አቆመ። ዛሬም የሰዓቱ ፊት ከፊሉ ቀለም አለው፣ ከፊሉ የለውም። ዙፋን ያጣ ሰው የቀረውን ሀብት ሲመረምር የተወው ምልክት ነው። ፑዪ ከሶቪየት ሲወጣ ሰዓቱን ለሩሲያዊው አስተርጓሚው ሰጠው። ፊሊፕስ ይህን ሐረግ ለማጣራት ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት። ሜይ 2023 ሆንግ ኮንግ ላይ ሰዓቱ ወደ 6 ሚሊዮን 200 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ያንን ፊት አንድ ሰዓት ሠሪ «ላድሰው» ብሎ ቀለም ቢቀባው ኖሮ ግማሹ ምስክር በጠፋ ነበር።

ማስረጃው ከየት ይገኛል? ፓቴክ ፊሊፕ ከመዝገቡ ቅጂ ይሰጣል፤ ሰዓቱ የተሠራበትንና የተሸጠበትን ዘመን ይናገራል፣ የገዢውን ስም ግን አያወጣም። ሮሌክስ እንዲህ ያለ የመዝገብ ቅጂ ለሕዝብ አይሰጥም። ስለዚህ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የጠጋኙ ሰነድ ዋጋቸው ትልቅ ነው። የተቀረጸ ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አያሳምንም፤ ዛሬም ማንም ሰው አሮጌ ክዳን ላይ የፈለገውን ስም ማስቀረጽ ይችላልና።

ሐረግ ዋጋ ከማውጣቱ በፊት ግን የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ዮኮ ኦኖ በ1980 ለባሏ ለሙዚቀኛው ጆን ሌኖን አርባኛ ልደት ፓቴክ ፊሊፕ ሰጠችው፤ ከሁለት ወር በኋላ ሌኖን ተገደለ። ሰዓቱ ከጊዜ በኋላ በሾፌሯ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጄኔቫ ላይ ታየ። የገዛው ሰብሳቢ የኔ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ2024 የስዊዘርላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የዮኮ ኦኖ መሆኑን ወሰነ። ሐረጉ የተቆረጠበት ቦታ ስለታወቀ ከዚያ በኋላ የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ባለቤት ሊያደርግ አልቻለም።

እኛንም የሚመለከት ሰዓት አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954፣ በእኛ በ1947 ዓ.ም.፣ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ተበረከተላቸው። ሞዴሉ 2497 ይባላል፤ ወሩንና ቀኑን እስከ ጳጉሜ ባይቆጥርም፣ የፈረንጁን ፌብሩዋሪ 28ና 29 ራሱ ለይቶ የሚያሳይ ዘላቂ የቀን መቁጠሪያ አለው። ፊቱ ጥቁር ነው፤ በዚህ ሞዴል እጅግ ብርቅ ነገር። ኖቬምበር 2015 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው ሲል የንጉሡ ዘሮች ተቃውሞ አነሡ። ሰዓቱ ከሐራጁ ወጣ። በሜይ 2017 እዚያው ጄኔቫ ዳግመኛ ቀርቦ ወደ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ።

የዚህን ገንዘብ ስንቱን የንጉሡ ስም፣ ስንቱን ጥቁሩ ፊት እንዳመጣው ቆርጦ መናገር አይቻልም፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ላይ ናቸውና። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ዋጋውን ከፍ ያደረገው «ይህ የንጉሡ ነበር» የሚለው ቃል ነው፤ ሽያጩን ያስቆመው ጥያቄ የተነሣውም ከዚሁ ቃል ነው። የንጉሡ ከነበረ ከንጉሡ እጅ እንዴት ወጣ? አብዮቱ በ1974 ሲፈነዳ የቤተ መንግሥቱ ንብረት በአዋጅ ተወረሰ፤ ከግለሰብ እጅም ብዙ ዕቃ ያለ ሰነድ ወጣ። አጫራች ስሙን ለዋጋ ከተጠቀመበት፣ ስሙ የሚያስነሣውን ጥያቄም በግልጽ መመለስ ያለበት ይመስለኛል። የስሙን ጥቅም ወስዶ ጥያቄውን መተው አይገባም።

በየቤታችን ከቤተ መንግሥት በሽልማት የተገኘ፣ ከጡረታ ጋር የተሰጠ፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ሰዓት ብዙ አለ። እንዲህ ያለ ሰዓት በእጃችሁ ካለ ፊቱን አታስቀቡ፣ ጀርባውንም አታስሞርዱ። የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ማን ሰጠ፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ማን አይቶ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። የሰጡትን መልስ በወረቀት አስፍራችሁ አስፈርሙ፤ አባታችሁ ሰዓቱን አስረው የተነሡት ፎቶግራፍ ካለም አብራችሁ አስቀምጡት። ስትጽፉም የሰጪውና የተቀባዩ ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ ቀኑና ቦታው ይኑርበት።