12 ፎቶ

የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ታሪክ ሲነሳ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ይጠራል። የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሠርተዋል። ቀስ በቀስ ግን ፎቶ ቤት የተራው ሰውም ሆነ። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው እዚያው ድረስ ሄደው መጋረጃ ፊት ይቆሙ ነበር።

ማን ይነሳ የሚለውን የሚወስነው ፊልሙ ነበር። 120 የሚባለው ጥቅል በካሬ ካሜራ 12 ፎቶ ብቻ ያነሳል፤ 35 ሚሊ ሜትሩ እስከ 36። ሚዜና ሽማግሌ ይገባል፤ ሽንኩርት ስትልጥ ያደረችው ጎረቤት የት ትግባ?

ከአያቴ ሰርግ የቀረን አንድ ፎቶ ነው። ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ ጋ ነበር፣ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። ጠርዙ ላይ ትሪ የያዘ እጅ ይታያል። የእህቷ ነው አለችኝ፤ የእህቷ ሌላ ፎቶ የለም።

አሁን እኔና እጮኛዬ አየር ጤና ላይ ፎቶ አንሺ እያፈላለግን ነው። ጥር በገናና በዐቢይ ጾም መካከል ስለሆነ ሁሉም የሚያገባው ያኔ ነው፤ ጥሩዎቹ ቶሎ ይያዛሉ። ሁሉም ድሮን፣ አልበም፣ ቪዲዮ ይሉናል። እኔ ደግሞ፣ ሶፍትዌር ሠሪ አይደለሁ፣ ፋይሉ የት ይቀመጣል፣ በስንት ኮፒ እላለሁ። አብዛኞቹ ይስቃሉ።

አንዱ ግን ሳይስቅ “ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፤ አንዱን ለእናንተ እሰጣለሁ” አለን። ቀጥሎም “ወጥ ቤት ያሉትንስ ላንሳ?” ብሎ ጠየቀ። ድሮን የለውም፣ ዋጋውም ይወደዳል። ቀብድ ከፈልን።