በሮም ያለችው የሐበሻ ተሳላሚዎች ቤተ ክርስቲያን

የሸዋ ክርስቲያን ለመሳለም መንገድ መውጣት የጥንት ልማዱ ነው። ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ኢየሩሳሌምን የተሳለመም አልታጣም። ከዚያም አልፈው ሮም የደረሱ አባቶች ግን ስማቸው በሀገራቸው እምብዛም አይነሣም። ስለ እነርሱ ከዚህ በታች የተጻፈው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፥ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፥ አንዲት ትንሽ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሮማውያን «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ ይኸውም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ከ1471 እስከ 1484 በመንበሩ የነበሩት ጳጳስ ሲክስቶስ 4ኛ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ተሳላሚዎች ማረፊያ እንድትሆን ሰጧት። ፈቃድ አግኝቶ የሚገባ ጐብኚ አስቀድሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣው በ12ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸውን የእብነ በረድ ደጃፏን ነው።

ይሁን እንጂ የቤቲቱ ክብር ከደጃፏ ይልቅ በውስጧ በኖሩት ሰዎች ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የጀርመን ካህን ተሳላሚዎቹ ሲጸልዩ ሰምቶ ቋንቋቸውን ወደደ፤ ከቶማስ ወልደ ሳሙኤልም ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው።

ደብረ ሊባኖስም በ1531 በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚያ ገዳም መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋራ በዚህች ቤት ተቀመጡ። በሀገራቸው መጻሕፍት በእሳት ሲጠፉ፥ እርሳቸው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የሚያትሙት ሰዎች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፥ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም ነበርና፥ ስሕተት ቢገኝ አንባቢ እንዳይነቅፋቸው በመጽሐፉ ላይ ለመኑ። አባ ተስፋ ጽዮን በ1552 ዐርፈው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ፤ በመቃብራቸውም ላይ በግዕዝና በላቲን ተጻፈላቸው።

ደግሞ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ሳሉ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ አገኛቸው። ያስተማሩትን መሠረት አድርጎ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ ኋላም በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ።

በሃይማኖት ከሮም ጋራ ያለው ልዩነት የታወቀ ነው። ነገር ግን በእንግድነት ተቀምጠው ፊደላቸውን ያላስረሱ አባቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

ይህም ነገር ለሸዋ ምክር አለው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በደብረ ብርሃን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የለም፤ ዜናው የደረሰው ጸሐፊ ስለ ጻፈው ነው። ፎቶግራፍም ግንቡንና ጕልላቱን ያሳያል እንጂ፥ በዚያ ማን እንዳስተማረ፥ ማን እንደ ቀደሰ፥ ማን ድንጋይ እንደ ተሸከመ አይናገርም። ስለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓል ፎቶግራፍ የሚያነሣ ደብር፥ ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ከሥዕሉ ሥር ስማቸውን ይጻፍ። ስም ያልተጻፈለት ሥዕል፥ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደ ሆነ አይታወቅምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።