የቀስተኛው እጅጌ፤ ብርድና ዒላማ በማንቹዎች ታሪክ

በብርድ ማለዳ ወደ ቢሮ ገብታችሁ ካፖርታችሁን ሳታወልቁ ብዕር አንሥታችሁ ለመጻፍ ሞክራችሁ ታውቁ ይሆናል። እጅጌው ወረቀቱን ይጠርጋል፤ ጣት ይደነዝዛል፤ ፊደሉም ይጣመማል። ለጸሓፊ ይህ ቀላል ችግር ነው፤ የተበላሸውን ወረቀት ቀድዶ ሌላ መጀመር ይቻላልና። በበረዶ መካከል ቆሞ ቀስት ለገተረ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ከእጁ የወጣ ፍላጻ ተመልሶ አይታረምም። ዛሬ የምንነጋገርበት ታሪክ የዚህ ሰው ልብስ ታሪክ ነው፤ ይኸውም አንድ ሕዝብ ብርድ ሳያሸንፈው ዒላማ ለመምታት የሰፋው እጅጌ እንዴት የታላቅ መንግሥት የማዕርግ ልብስ እንደ ሆነ፤ በመጨረሻም እጅጌው ቀርቶ ሙያው እንዴት እንደ ጠፋ የሚናገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ወፍራም ልብስ ቀስተኛን ለምን እንደሚያስተው እንመልከት። በቀኝ እጁ የሚስብ ቀስተኛ ቀስቱን በግራ እጁ ይይዛል፤ አውታሩ ሲለቀቅ በግራ ክንዱ አጠገብ በብርቱ ፍጥነት ያልፋል። እጅጌው ሰፊ ወይም ወፍራም ከሆነ አውታሩ ጨርቁን ይነካዋል፤ በዚያች ቅጽበትም ፍላጻው ገና ሳይላቀቅ አቅጣጫውን ይስታል። ሁለተኛው ችግር የሚስበው እጅ ነው። ይህ እጅ በየጊዜው በፊት ወይም በጆሮ አጠገብ ባለ በአንድ ቦታ መዋል አለበት፤ የወፈረ ኮሌታ ወይም ሻሽ ቢገፋው ግን ቦታውን ይለቃል። የፍላጻው ርዝመት 70 ሴንቲሜትር ቢሆንና ኋለኛው ጫፍ 5 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ ከ20 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ሦስተኛውም የጣት መደንዘዝ ነው፤ የደነዘዘ ጣት አውታሩን በእኩልነት አይለቅም። እንግዲህ ብርድ ቀስተኛውን የሚጎዳው በራሱ ብቻ ሳይሆን ከብርድ ለመዳን በለበሰውም ልብስ ነው ማለት ነው። ልብሱን ቢያወልቅ ይንቀጠቀጣል፤ ቢደርበው ይስታል።

ይህን ችግር በብልኀት ከፈቱት ሕዝቦች አንዱ በሰሜን ምሥራቅ እስያ ይኖር የነበረው የማንቹ ሕዝብ ነው። አገሩ ብርቱ ብርድ ያለበት ነው። ዛሬ ሼንያንግ በምትባለው በቀድሞዋ ከተማቸው በሙክደን እንኳ የጥር ወር አማካይ የአየር ሁኔታ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን በተሄደ ቍጥርም ብርዱ ይጸናል። በዚህ አገር ሰው ክረምቱን በቤት ተቀምጦ አያሳልፈውም ነበር፤ ለሥጋና ለጸጉራም ቆዳ ሲል በበረዶ ላይ በፈረስ ያድናል፤ ለማደንም ቀስት ያስፈልገዋል።

ቀስታቸው ከአንድ እንጨት የተጠረበ አልነበረም። መካከሉ እንጨት ወይም ቀርከሃ፣ ወደ ቀስተኛው የሚመለከተው ገጽ ቀንድ፣ የውጭው ገጽ የእንስሳ ጅማት ሆኖ በሙጫ የተጣበቀ ነበረ። ሙጫው እርጥበት ስለማይወድ በበርች ዛፍ ቅርፊት ይሸፍኑታል። አውታሩን የሚስቡት በአውራ ጣት ነው፤ በአውራ ጣቱም ላይ ከአጋዘን ቀንድ ወይም ከአጥንት የተሠራ ወፍራም ቀለበት ያጠልቃሉ። ቀለበቱ ሥጋውን ከአውታሩ ከመጠበቁም በላይ፣ ጣት በብርድ ቢደነዝዝም አውታሩ ከጠንካራና ከለሰለሰ ነገር ላይ ተንሸራትቶ እንዲወጣ ያደርግ ነበር።

ከቀስቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ልብሱ ነው። ቀሚሳቸው ጥጥ የተሞላ ወይም በውስጡ ጸጉራም ቆዳ የተለበደ ሲሆን፣ የግራው ወገን በቀኙ ላይ ተደርቦ በቀኝ ጎን ይቈለፋል፤ ስለዚህ አውታሩ በሚያልፍበት በግራ ደረት ላይ የሚያሰናክል ቍልፍ አይገኝም። ለፈረስም እንዲመች ቀሚሱ ከታች ተሰንጥቋል። እጅጌው በላይ በኩል ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ አንጓው ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳል። በጫፉም ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ክብ ቍራጭ ተሰፍቶበታል፤ ይህ ቍራጭ ሲዘረጋ የእጅን ጀርባ ከብርድ ይሸፍናል፤ መዳፍንና ጣቶችን ግን ነጻ ይተዋቸዋል። በዚህም ምክንያት ቻይናውያን አንድ ጊዜ «የፈረስ ኮቴ እጅጌ»፣ አንድ ጊዜም «የፍላጻ እጅጌ» ይሉታል። እንግዲህ ጓንት ሳያጠልቅ እጁ የሚሞቅለት፣ ክንዱ ተሸፍኖም አውታሩ የማይነካው ቀስተኛ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ እጅጌ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው ኑርሃቺ በ1616 ካቋቋመው መንግሥት በኋላ ነው። ልጁ ሆንግ ታይጂ የሕዝቡን ስም በ1635 ማንቹ፣ የመንግሥቱን ስም ደግሞ በ1636 ቺንግ አሰኘ። በዚያን ጊዜ ከአማካሪዎቹ አንዳንዶቹ የቻይናን ልብስ፣ ይኸውም ሰፊውንና ባለ ረጅም እጅጌውን ቀሚስ፣ እንዲቀበል ደጋግመው መከሩት፤ የሠለጠነ መንግሥት ልብስ ይህ ነው ብለው ነበርና። ሆንግ ታይጂ ግን በ1636 መሳፍንቱንና ሹማምንቱን ሰብስቦ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚያው አገር የነገሠውን የጂን መንግሥት ታሪክ አስነበባቸው፤ ያ መንግሥት የአባቶቹን ልብስና ቀስት በተወ ጊዜ እንዴት እንደ ደከመም አስረዳቸው። ቀጥሎም ሰፊ ቀሚስ ለብሰን፣ ረጅም እጅጌ አንጠልጥለን እዚህ ተቀምጠን ሳለ አንድ ብርቱ ጦረኛ በድንገት ቢገባብን ልንቋቋመው እንችላለንን? የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄ አቀረበላቸው።

በ1644 ማንቹዎች ቤጂንግን ያዙ። ብዙም ሳይቈይ በሰፊው ቻይና ያሉ ሹማምንት ሁሉ የማንቹን ልብስ እንዲለብሱ ታዘዘ። አስቡት፤ በደቡብ በሙቅ አገር ተቀምጦ የግብር መዝገብ የሚመረምር፣ በሕይወቱ በፈረስ ሆኖ ያላደነ የጽሕፈት ሰው፣ የሰሜን አዳኝን እጅጌ ለብሶ ወደ ቢሮው ገባ። በአዘቦት የኮቴው ቍራጭ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በበላይ ሹም ፊት ሲቀርብ ግን ወደ ታች ይዘረጋል። በእኛ አገር ሰው በታላቅ ፊት ሲቀርብ ኩታውን እንደሚያደገድግ ሁሉ፣ በዚያም እጅጌን መዘርጋት የአክብሮት ምልክት ሆነ። ለብርድ የተሰፋው ጨርቅ የሥነ ሥርዓት ቋንቋ መናገር ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ ልብሱና ሙያው አልተለያዩም። ከማንቹ ወገን የሆነ ሰው ለጽሕፈት ሥራ ፈተና ከመቀመጡ በፊት ቀስት መወርወር መቻሉ ይፈተን ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1681 ከታላቁ ግንብ በስተ ሰሜን በሙላን ሰፊ የአደን ስፍራ ከልለው በየበልጉ ሳይሆን በየመጸው ሠራዊታቸውን እየመሩ ይወጡ ነበር። አደኑ መዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ ወታደሩ በሚዘምትበት ልብስ፣ በሚዘምትበት ፈረስ ላይ ሆኖ፣ በሚሮጥ ዒላማ የሚለማመድበት ትምህርት ቤት ነበረ። ካንግሺ በ1719 በሽምግልናቸው ዕድሜ ሲናገሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቀስትና በጠመንጃ 135 ነብሮችና 96 ተኵላዎች እንደ ገደሉ ቈጥረው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ቺየንሎንግ በነገሡ ጊዜ ግን ነገሩ ተለውጦ ነበር። የማንቹ ልጆች በከተማ ተወልደው፣ በደመወዝ አድገው፣ ቀስቱን እየተዉት ሄደዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን አይተው በ1752 የሆንግ ታይጂን የ1636 ምክር በድንጋይ ላይ አስቀረጹ፤ ከድንጋዮቹም አንዱን በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ውስጥ በቀስት መወርወሪያው አዳራሽ አጠገብ አስተከሉ። ልብሳችሁን፣ ቋንቋችሁን፣ ፈረስ ግልቢያችሁንና ቀስታችሁን ጠብቁ የሚል ነበረ። በ1759 ደግሞ የቤተ መንግሥቱን አልባሳት ሁሉ በሥዕል የሚያሳይ ታላቅ መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ በእርሱም የእያንዳንዱ ማዕርግ ልብስ በየዝርዝሩ ተደነገገ።

ከአራቱ ትእዛዞች በሚገባ የተጠበቀው ልብሱ ነው። ልብስ በመጽሐፍ ይደነገጋል፤ በሰፊ እጅ ይሠራል፤ በበር ላይም በዘበኛ ዐይን ይታያል። ሙያ ግን እንዲህ አይደለም፤ በየማለዳው በብርድ ወጥቶ መድከምን ይጠይቃል። ስለዚህ የአውራ ጣቱ ቀለበት ከአጋዘን ቀንድ ወደ ከበረ የጄድ ድንጋይ ተለወጠ፤ ቀስት ያልገተሩ ባለጸጎችም ለጌጥ አጠለቁት። የሙላን ታላቅ አደን ከ1820 በኋላ ቀረ። በወታደራዊ ፈተና ውስጥ የቀስት ውርወራ እስከ 1901 ድረስ ቢቈይም፣ በዚያን ጊዜ ዓለም በፈጣን ጠመንጃና በመድፍ ይዋጋ ነበር። በየካቲት 1912 የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን ሲለቅ፣ ባለ ኮቴው እጅጌ ገና በሹማምንቱ አንጓ ላይ ነበረ።

እርግጥ ነው፤ ቀስተኞቹ ሁሉ እንደ አባቶቻቸው ቢለማመዱ ኖሮ እንኳ ቀስት መድፍን ባልቻለው ነበር። ቺንግን የጣለው እጅጌ ነው አንልም። የምንለው ሌላ ነው፤ ምልክቱ በቦታው መኖሩ ሙያው መጥፋቱን ከብዙዎች ዐይን ሰውሮት ኖረ።

ቀስት ግን ከዓለም አልጠፋም። በ1966 በአሜሪካ በሚዙሪ ይኖር የነበረው ሆለስ ዊልበር አለን በቀስቱ ጫፎች ላይ ዘንጋቸው ከመሐል ፈቀቅ ያለ መዘውሮች የገጠመበትን አዲስ ቀስት ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1969 መጨረሻም ተሰጠው። በቀድሞው ቀስት በሳቡት መጠን ሸክሙ ይጨምራል፤ በዚህኛው ግን ሸክሙ መንገድ ላይ ከፍ ብሎ በመጨረሻ ይቀልላል። የዛሬዎቹ ከሙሉው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠውን ስለሚያቀልሉ፣ ቀስተኛው ገትሮ እንደ ያዘ በርጋታ ለማነጣጠር ይችላል።

ይህ ሁሉ ብልኀት ተጨምሮ ግን በሰሜን አሜሪካ በረዶ ውስጥ አጋዘን የሚጠብቀው አዳኝ የማንቹውን አዳኝ ጥያቄ አሁንም ይጠይቃል። መዘውሩ እጅጌውን አያጠብለትምና የግራ ክንዱን ጨርቅ በማሰሪያ ይጠፍራል። በአውራ ጣት ቀለበት ፈንታ አውታሩን የሚለቅ ትንሽ መሣሪያ በእጁ ይይዛል። ቀስት በያዘው እጁ ስስ ጓንት ያጠልቃል፤ ኮሌታውንም ከአገጩ ያወርዳል። ዐዋቂዎቹ ከሁሉ አስበልጠው የሚመክሩት ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ በበጋ በሸሚዝ ዒላማ መምታት አይበቃም፤ በክረምት በምትለብሰው ልብስ፣ ከነኮፍያህና ከነጓንትህ፣ ቀድመህ ተለማመድ ይላሉ። ካንግሺ ሠራዊታቸውን ወደ ሙላን ያወጡበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ክቡራን አንባብያን፤ የማንቹ እጅጌ ሲሰፋ በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ ምክንያት ነበረው፤ እዚህ ጠበበ፣ አውታሩ እንዳይነካው፤ እዚያ ረዘመ፣ እጅ እንዳይደርቅ። ምክንያቱ ተረስቶ ስፌቱ ብቻ ሲጠበቅ ግን ጌጥ ሆኖ ቀረ። በየመሥሪያ ቤታችንም ማኅተሙ፣ መዝገቡና ሥነ ሥርዓቱ ሁሉ አንድ ቀን ለአንድ ሥራ የተሰፉ እጅጌዎች ናቸው። ነገ ጠዋት በብርድ ገብተን እጅጌያችንን ስንሰበስብ፣ የተሰፋበትን ሥራ አሁንም እንችለው እንደ ሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።