የጤነኛው ልክ

በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ ልኩ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ይመስላል። ታዮፔንታል የተባለው ማደንዘዣ ታሪክ ግን ልኩን የመድኃኒቱን ያህል የተቀባዩም አካል እንደሚወስነው ያሳያል። ሐኪሞቹ ራልፍ ዋተርስ በዊስኮንሲን፣ ጆን ለንዲ ደግሞ በሜዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲጀምሩት መድኃኒቱ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያስተኛ ነበር፣ በሽተኛውም በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃ ነበር። ለንዲ ጥቂት ጥቂቱን እየወጋ የበሽተኛውን ትንፋሽ ይከታተል ነበር። ይህ አሠራር ከማንኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ ጥበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበር በቦምብ ሲመታ ደማቸው የፈሰሰ ወታደሮችም ይህንኑ መድኃኒት ተወጉ። ሃልፎርድ የተባለ ሐኪም በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ በጦር ቁስለኞች ላይ መጠቀሙን አጥብቆ አወገዘ፤ ከቦምቡ ይልቅ ማደንዘዣው ብዙ ሰው ገደለ የሚል ወሬም ለአሥርታት ዘለቀ። ወሬው የተጋነነ ነው። በ1995 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው በአቅራቢያው ወዳለው ትሪፕለር ሆስፒታል ከገቡት 344 ቁስለኞች የሞቱት 13 ሲሆኑ፣ በማደንዘዣው ሞቱ ሊባሉ የሚችሉት ከጥቂቶቹ አይበልጡም። ሆኖም የቁጥሩ ማነስ አደጋውን አያስቀረውም። ደም ሲጎድል የቀረው በአብዛኛው ወደ አንጎልና ወደ ልብ ይሄዳል፤ ያው መጠን በጥቂት ደም ውስጥ ሲገባ ይበረታል፣ ጠብበው የደም ግፊቱን የያዙትንም ሥሮች ያላላል።

እንግዲያው በጤነኞች ላይ ልክ መፈለግ ምን ይጠቅማል? የሚያስፈልገው በሽተኛው እንጂ ጤነኛው አይደለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን የጤነኛው ልክ ካልታወቀ ለደከመው ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚነግረን የለም። ልኩን ለማወቅ ደግሞ መንቃቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ የተሳሳተ ግምት ነበር፤ ጉበት ቶሎ ስለሚያፈርሰው ይመስል ነበር። በ1950 ብሮዲ የተባለ ተመራማሪ ቡድን መድኃኒቱ በዝግታ እንደሚፈርስና በስብ ውስጥ እንደሚከማች አሳየ፤ በ1960 ደግሞ ፕራይስ የተባለ ተመራማሪ መንቃቱ በመጀመሪያ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች አካላት በመሰራጨቱ እንደሆነ አስረዳ። መጠኑ ሲደጋገም እንቅልፉ የሚረዝመው ለዚህ ነው። በኋላ ለመጣው ማደንዘዣ ለፕሮፖፎልም ሐኪሞች ከጤነኛው ልክ ተነሥቶ የመቀነሱን ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፦ ለጤነኛ ጎልማሳ በኪሎ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊግራም፣ ለአዛውንት ከ1 እስከ 1.5፣ ያውም ቀስ ብሎ፤ ምክንያቱም በአዛውንት ደም ዝውውሩ ስለሚዘገይ መድኃኒቱ አንጎል ሳይደርስ ሁለተኛው መጠን ሊጨመር ይችላል።