ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሚበጅ ጀልባ

ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረደ ሰው በአጠገቡ የሚፈሰውን የጉማራን ወንዝ ሳያይ አይመለስም። ይህ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ውሃውም ከጣና በዓባይ በኩል ወጥቶ፣ ደቡብ ጎንደርንና ጎጃምን በሚለየው ጥልቅ ሸለቆ አልፎ፣ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በዚህ የውሃ መንገድ ላይ የተደረጉትን ጉዞዎች ታሪክ ለመረመረ መሐንዲስ አንድ ሕግ ጐልቶ ይታየዋል። ይኸውም ጀልባ መንገደኛውን የሚሸከም ብቻ ሳይሆን፣ ሲያስፈልግ መንገደኛው ራሱ የሚሸከመው ወይም የሚጎትተው መሆን አለበት የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሕግ የጣና ዳር ባለሙያዎች፣ በተለይም ወይጦዎች፣ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም እርስ በርሳቸው ተጠፍረው አፍንጫው ቀና ያለ ጀልባ ይሆናሉ። እንደ እንጨት ወይም እንደ ብረት ጀልባ ውሃ እንዳይገባበት የተደፈነ አይደለም፤ የሚያንሳፍፈው በየዘንጉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ድንጋይ ቢቦጭቀው ጥቂት ዘንጎች ይጎዳሉ እንጂ ወዲያው አይሰጥምም። ጉድለቱ ውሃ መምጠጡ ነው። ባለቤቱ ከጉዞ ሲመለስ ወደ ዳር ጎትቶ ካላደረቀው ይከብዳል፤ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ዘጌ ሳሉ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙላቸው፣ በኋላ ከእስረኞቻቸው አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ዓላማው በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ መምሰል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ትጋት የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ የገዘፈ የደንገል ጀልባ ከውሃ ወጥቶ የሚደርቅበት ዘዴ ካልተበጀለት ዕድሜው እንደሚያጥር የሙያ ጓደኞቼ አይስቱትም።

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው ሸለቆ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ግራና ቀኙ ገደል፣ ውስጡ ቋጥኝና አዞ ነው። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በብረት ጀልባዎች ሊወርድ ሞክሮ፣ ብዙ ሳይርቅ በደረሰበት ስብራት ጉዞው ተቋረጠ። ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም የዓባይን መሥመር በካርታ ላይ ያሰፈረው በየብስ እየተጓዘ ነው።

በ1965 ግን አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ፣ ካያክ በሚባለው ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ፣ ከሻፋርታክ ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ሱዳን ወረደ። ብቸኛ ቀዛፊ ቢገለበጥ ገመድ የሚወረውርለት የለም፤ ስንቁም ከጀልባው ጠባብ ሆድ ሊያልፍ አይችልም። በአንጻሩ ካያክ በጥቂት ውሃ ላይ ይሄዳል፤ መንገዱ ሲከፋም ባለቤቱ ወደ ዳር አውጥቶ በትከሻው ሊያሳልፈው ይችላል። የብረቱ ጀልባ ያጣው ይህንኑ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ በብላሽፎርድ ስኔል የተመራ 60 ያህል እንግሊዛውያንና ኢትዮጵያውያን ያሉበት ቡድን ከጣና ጀምሮ ወረደ። በላይኛው አስቸጋሪ ክፍል የተጠቀመው በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነው። አንድ የቡድኑ አባል ሰጥሞ ሞቷል። እንዲህ ባለው ጀልባ አየሩ በየክፍሉ ተለይቶ ስለሚያዝ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌላው ያንሳፍፋል፤ ይህም ታንኳው በሺህ ዘንጎች የሚሠራበት ዘዴ ነው።

ደንገል ከሐይቅ አልፎ ውቅያኖስ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሣው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነበር። ከጣና በተወሰደ ደንገል የተሠራችው ራ የተባለች ጀልባ በ1969 ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውሃ ጠጥቶ በመጉበጡ መንገድ ላይ ተተወች። በ1970 ሁለተኛዋ ራ፣ እርሷም ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራች፣ አትላንቲክን በ57 ቀን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። ዕቃው ያው ደንገል ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው አሠራሩ ነው።

ዛሬ የጣና ዳር ደንገል በእርሻ መስፋፋት እየተመናመነ ነው፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወሮታል። ደንገሉ ሲጠፋ የአሠራሩ ዕውቀትም አብሮ ይሄዳል። የጋፋትን መድፍ በምሕንድስና ታሪካችን እንደምንቆጥር ሁሉ ታንኳንም ልንቆጥረው ይገባል። ደረቅ ታንኳ ስንት ኪሎ ይመዝናል? አንድ ቀን ውሃ ላይ ውሎስ? ስንት ሰው ይችላል፣ ስንት ወርስ ያገለግላል? ይህን በማኅበራችን መዝገብ ለማስፈር የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ሜትርና ከሠሪዎቹ ጋር ተቀምጦ የሚጠይቅ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ መሄድ ይገባናል።