ጊሴኒ፦ ከእሳተ ገሞራ ግርጌ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ

ጊሴኒ በሰሜን ምዕራብ ሩዋንዳ፣ በኪቩ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,460 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ2006 የሩዋንዳ አስተዳደር እንደ አዲስ ሲዋቀር ወረዳው ሩባቩ ተብሏል። ዛሬ ነዋሪው ከተማዋን በሁለቱም ስሞች ይጠራታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከኪጋሊ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም መንገዱ በተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ጉዞው ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ጎብኚን ወደዚህች ከተማ የሚስቡት ሐይቁ፣ ፍል ውሃውና ለሻይ የተመቸው ጥቁር አፈር ሁሉም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ከተማዋን ዘወትር የሚያሰጋትም ይኸው እሳተ ገሞራ ነው። አካባቢው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ምሥራቃዊው ቅርንጫፍ ኬንያንና ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ በጥንት ዘመን የዚህ ሸለቆ ወንዞች ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤድዋርድ ሐይቅና ወደ ነጭ አባይ ይፈስሱ ነበር። የቪሩንጋ እሳተ ገሞራዎች ሲነሡ ግን መውጫውን እንደ ግድብ ዘጉት። የተጠራቀመው ውሃ ኪቩን ፈጠረ፤ ሞልቶ ሲፈስም በደቡብ በኩል በሩዚዚ ወንዝ ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ ኮንጎ ወንዝ ተፋሰስ መንገዱን ቀየረ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ተረተር ዛሬ የሁለቱ ታላላቅ ወንዞች የውሃ መክፈያ ነው። በአንደኛው ተዳፋት የወረደ ዝናብ ወደ ሜዲትራኒያን፣ በሌላኛው የወረደው ወደ አትላንቲክ ይጓዛል።

በከተማዋ የሐይቅ ዳር መንገድ ላይ ዘንባባዎችና ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀሩ ቤቶች ይታያሉ። ሐይቁ አዞም ጉማሬም የለበትምና በአሸዋማው ዳርቻ መዋኘት የተለመደ ነው። ሆኖም በጊሴኒና በአጎራባቿ ጎማ ዙሪያ ባሉ አንዳንድ ጎድጓዳ ቦታዎች ከመሬት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። በስዋሂሊ «ማዙኩ» ይሉታል፣ ክፉ ነፋስ ማለት ነው። የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ፣ በተለይም ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ከጎድጓዳ ስፍራ መውረድ አይገባም።

የኪቩ እጅግ ማራኪ ትዕይንት የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሦስት ታንኳዎች በረጃጅም እንጨቶች ተያይዘው፣ ግራና ቀኝ የሚቀዝፉ አጥማጆች ለመቅዘፊያቸው ምት በሚያወጡት ዜማ እየተቀባበሉ ወደ ጥልቁ ያመራሉ። ሌሊቱን መብራት አብርተው የሚጠብቁት ሳምባዛ የተባለውን ጣት የምታህል ዓሣ ነው። ሳምባዛ የኪቩ ተወላጅ አይደለም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከታንጋኒካ ሐይቅ የመጣ ነው። ዛሬ ግን በዘይት ተጠብሶ የማይቀርብበት የሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ማግኘት ያዳግታል። ጎብኚዎች ከጀልባ ባለቤቶች ጋር ተስማምተው አጥማጆቹን መከተል ይችላሉ። ዓሣው እንዲራባ ሲባል ማጥመድ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚታገድ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በሩቦና ልሳነ ምድር አቅራቢያ፣ የኒያምዩምባ ፍል ውሃ ይገኛል። ነዋሪዎች ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይዘፈቁበታል። ምንጩ አፉ ላይ ቆዳ ስለሚያቃጥል የሚታጠቡት ከሐይቁ ውሃ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ነው። እዚያው አቅራቢያ ያለው የቢራ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ከሐይቁ የወጣ ሚቴን ጋዝ ለማገዶ ተጠቅሟል።

የጋዙ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ጥልቀቱ 480 ሜትር ገደማ በሚደርሰው ኪቩ የታችኛው ክፍል 300 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 60 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ሚቴን ሟሙቶ እንደሚገኝ ይገመታል። ጋዙን ከታች አፍኖ የያዘው የላይኛው ውሃ ክብደት ነው። በካሜሩን የሚገኘው የኒዮስ ሐይቅ በ1986 ታምቆ የቆየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ሲለቅ ከ1,700 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ኪቩ ደግሞ ከኒዮስ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ በዳርቻውም ሚሊዮኖች ይኖራሉ። ሩዋንዳ ይህን ስጋት ወደ ኃይል ምንጭነት ለመለወጥ እየሠራች ነው። ከጊሴኒ በስተደቡብ በካሮንጊ በኩል ያለው የኪቩዋት ጣቢያ ከጥልቁ የሚወጣውን ውሃ ከሚቴኑ ለይቶ 26 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በሐይቁ ላይ የሚታየው ተንሳፋፊ የብረት መዋቅር የዚሁ ሥራ አካል ነው።

በሰሜን ከጎማ ባሻገር የሚታየው 3,470 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ኒይራጎንጎ ነው። አፉ በቀለጠ አለት በሚሞላበት ጊዜ በሌሊት ሰማዩ ቀልቶ ከጊሴኒ ይታያል። ጥር 2002 ጎኑ ተሰንጥቆ የወጣው ቅልጥ አለት የጎማን መሐል አቋርጦ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲሸሹ ብዙዎቹ የተጠለሉት ጊሴኒ ነበር። ቅልጡ በሐይቁ ሥር ያለውን ጋዝ ይቀሰቅሰዋል የሚለው ፍርሃት በዚያን ጊዜ አልደረሰም። ግንቦት 2021 ተራራው ዳግመኛ ሲፈነዳ ቅልጡ ከጎማ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ተከትሎ ለቀናት የቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የጊሴኒን ቤቶችና መንገዶች ሰነጣጠቀ።

ሁለቱ ከተሞች ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያቸው የድንበር በር ብቻ ነው። በሰላም ቀን አትክልትና ዱቄት የተሸከሙ ሴት ነጋዴዎች በብዛት ይመላለሱበታል። በሐምሌ 1994 ደግሞ ከሩዋንዳ የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚሁ በኩል ወደ ጎማ ጎርፈዋል። በዘር ማጥፋቱ የተገደሉ ቱትሲዎችን የሚያስበው ኮሚውን ሩዥ የተባለው መታሰቢያ በከተማዋ ይገኛል፤ ከሐይቁ መዝናኛ ጋር አብሮ ሊጎበኝ የሚገባው ነው። ጥር 2025 ኤም 23 ጎማን ሲይዝ ድንበር የተሻገሩ ከባድ መሣሪያዎች በጊሴኒ ሰዎችን ገድለዋል። የኒይራጎንጎ መውጫ በኮንጎ ግዛት ስለሆነ ተራራውን ለመውጣት የሚያስብ ሰው የጸጥታውን ሁኔታ ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

በሐይቁ ዳር ሁለት ቀን አሳልፎ ተረተሩን ሳይረግጥ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ከጊሴኒ ተነሥቶ በሐይቁ ዳርና በኮረብቶች እስከ ደቡብ ጫፍ የሚዘልቀው የኮንጎ ናይል መንገድ 227 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በእግር አሥር ቀን ያህል፣ በብስክሌት አምስት ቀን ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ተጉዞ በጀልባ መመለስም ይቻላል። በደቡብ ምሥራቅ ያለው የጊሽዋቲ ደን አብዛኛው ለግጦሽና ለሰፈራ ተመንጥሮ ነበር። የተረፈው ክፍል ዛሬ ቺምፓንዚዎች የሚኖሩበት ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ከሙኩራ ደን ጋር በ2020 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የተራራ ጎሪላ ማየት የሚሻ በስተምሥራቅ ወደ ሙሳንዜ ያቀናል። የመግቢያ ፈቃዱ ለውጭ አገር ጎብኚ ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው፤ የብዙ ሰው ጉዞ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው።

ለእግር ጉዞ የሚመቹት ደረቆቹ ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆኑ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ዝናብ የሚበዛባቸው ናቸው። ኒይራጎንጎ ቀን ላይ ብዙ ጊዜ በደመና ስለሚሸፈን፣ ጫፉን ለማየት አጥማጆቹ በሚመለሱበት የንጋት ሰዓት ሐይቁ ዳር መገኘት ያስፈልጋል።