ዳዊት የደገመ ልጅ መጻፍ ያልቻለው ለምንድን ነው?

በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት አንድ ልጅ ከሀ ሁ ተነሥቶ አቡጊዳን፣ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል አልፎ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ደግሶ ደስታውን ይገልጽ ነበር። ልጁ «ተማረ» ተባለ። ብዕር አስይዘው «ስምህን ጻፍ» ቢሉት ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም።

የመምህሩ ስንፍና አልነበረም። ጽሕፈት ብራና ከሚፍቅ፣ ቀለም ከሚበጠብጥ፣ መቃ ከሚቀርጽ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነው። ብራና ደግሞ ውድ ነው፤ ለሕፃን መለማመጃ አይሰጥም። ማንበብ የተማሪው ሁሉ፣ መጻፍ የጥቂቶች ሆኖ ኖረ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዘመናዊ ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድም ደብተርና እርሳስ ለልጁ እጅ ደረሱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። መሣሪያውም ቋንቋውም ተሟላ። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ግን በአብዛኛው ከሰሌዳ የተገለበጠ የሰው ቃል ነው። ፈተናው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ምረጥ ይላል፤ የማይፈተን ነገር ደግሞ አይጠናም።

ድርሰት ማስተማር ግን ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ መወድስ ያድጋል። ጥግ ይዞ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰዋስውን ያቃናል፣ ምሥጢሩን ይመዝናል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ይህ ሁሉ ያለ ወረቀት ነው።

ቁም ጸሐፊው ይጽፋል እንጂ አይደርስም፤ ባለቅኔው ይደርሳል እንጂ የግድ አይጽፍም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ የወረሰው የገልባጩን ነው። የባለቅኔውን መንገድ ቢወስድስ? በአጭሩ መጀመር፣ በየቀኑ የራስን መፍጠር፣ ፊት ለፊት መታረም። 60 ልጅ የያዘ መምህር ሁሉንም በየቀኑ ማረም አይችልም። በቀን የ12 ልጆችን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያይ ግን በአምስት ቀን ሁሉም ይደርሳቸዋል።

ዛሬም በፍርድ ቤት ደጃፍ የማመልከቻ ጸሐፊዎች ገበያ አልቀዘቀዘም። ከደንበኞቻቸው መካከል ትምህርት ቤት የዋሉም አሉ። የገዛ በደሉን በገዛ ቃሉ መጻፍ ያልቻለ ሰው አቤቱታውን ሌላው በመሰለው ልክ ይሰፋለታል።